ዜናው መሀል የተደበቀችው ሊንክ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣ ከኮምቦልቻ ነው ምጽፈው። ባለፈው ስለ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች አንድ ዜና እያነበብኩ መሀል ላይ «ብዙዎቹ ፈጣን ብድር እየፈለጉ ነው» ይላል፣ «ፈጣን ብድር» ሚለው ሰማያዊ ነው፣ እኔ ስለሱ የተጻፈ ሌላ ዜና መስሎኝ ስነካው ስልክ ቁጥርና የመታወቂያ ፎቶ ሚጠይቅ አፕ አውርጂ አለኝ፣ ደንግጬ ዘጋሁት። ዜናው ላይ ግን ማስታወቂያ ሚል ነገር የለም። እንዲህ አይነቱን ሳልነካው በፊት በምን ልወቀው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ካላወረድሽና ምንም ካልሞላሽ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። ያወረደ ሰው ካለ ግን አፑን ያጥፋው፣ የባንክ ወይ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ ከሆነ ደሞ ነገ ዛሬ ሳይል አሁኑኑ ደውሎ ያሳግደው።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ እንዲህ አይነቱ ሊንክ ብዙ ጊዜ ተከፍሎበት ዜና ውስጥ ሚሰካ ነው፣ መጀመሪያ ከፋዮቹ ለምን እንደሚከፍሉ ማወቁ ይጠቅማል። ያንቺን መንካት ብቻ ፈልገው አይደለም፣ በዋናነት ሚፈልጉት ጉግልን ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲጀምር ጀምሮ አንድ ድረገጽ ወደ ሌላው ሚያደርገውን ሊንክ እንደ ምስክርነት ነው ሚቆጥረው፣ የታመነ የዜና ድረገጽ ሲመሰክርልህ ደሞ ፍለጋ ላይ ወደ ላይ ትወጣለህ፣ ስለዚህ ምስክርነቱ ሚገዛና ሚሸጥ እቃ ሆነ ማለት ነው። ጉግል ይሄን ይከለክላል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ፔንግዊን በሚባለው የፍለጋ ለውጥ ብዙ ድረገጾችን ከፍለጋው ወደ ታች አውርዷል፣ ግን ገበያው አልተዘጋም።

አሁን ስልክሽ ላይ ምታደርጊው ይሄ ነው፣ ሰማያዊውን ቃል ነክተሽ አትልቀቂ፣ ጣትሽን እላዩ ላይ ትንሽ አቆይው። ክሮም ላይ ከሆንሽ ሳይከፈት አድራሻው ብቅ ይላል። ኮምፒውተር ላይ ደሞ ማውሱን ሳትጫኚ ቃሉ ላይ ስታሳርፊው አድራሻው ከታች ጥግ ላይ ይታያል። አድራሻውን ስታነቢ የታወቀ የባንክ ስም ስላየሽ ብቻ እንዳታምኚ፣ ዋናው ስም ያለው ከመጀመሪያዋ ነጠላ እዝባር (/) በፊት መጨረሻ ላይ ነው፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ካለው ዶት ኮም ወይ ዶት ኢቲ አጠገብ ያለው፣ ከሱ በፊት የፈለጉትን የባንክ ስም መደርደር ይችላሉ። በቢትሊ ምናምን ያጠረ አድራሻ ከሆነ ደሞ የት እንደሚወስድ አይታይም፣ ዜና ውስጥ ያን ማሳጠር ምን አስፈለገ? እኔ አልነካውም።

ከአድራሻው በላይ ግን እኔ ማምነው ዓረፍተ ነገሩን ነው። እውነተኛ ሊንክ ለተጻፈው ነገር ማስረጃ ይሆናል፣ አዋጁን፣ ሪፖርቱን፣ የቀደመውን ዜና ያሳይሻል፣ የተከፈለበት ግን ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ለሱ ሲባል የተጠመዘዘ ነው። ቅርብ ጊዜ ስለ ባቲ የግመል ገበያ የተጻፈ አንድ ቆየት ያለ ጽሑፍ ሳነብ፣ ስለ ነጋዴዎቹ፣ ስለ ግመሉ ዋጋ ጥሩ አርጎ ይተርክና «ዕድላቸውን ሚሞክሩ» ሚለው ቃል ላይ ሊንክ አለ፣ ጣቴን ባቆየው የውጭ አገር የቁማር ድረገጽ ነው። የግመል ነጋዴና ቁማር ምን አገናኛቸው? ዌይባክ ማሽን ሚባለው የድሮ ገጾችን ሚያስቀምጥ ድረገጽ ላይ ገብቼ የድሮውን ቅጂ ሳየው ጽሑፉ ያው ነው፣ ሊንኩ ግን የለም፣ ዓመታት ቆይቶ ነው የተሰካው። ጸሐፊው ሰውዬ ምናልባት እስካሁን አያውቅም፣ የሱ ላብ ላይ ነው ሌላ ሰው የነገደው፣ እሱ በጣም ነው ያናደደኝ። አንዳንዴ ደሞ ባለቤቱም ሳያውቅ ድረገጹ ተጠልፎ ሚገባ ሊንክ አለ፣ ስለዚህ ስታገኚ መጀመሪያ ለዝግጅት ክፍሉ ንገሪያቸው፣ ሌባ ብለሽ አትጀምሪ።

ብድር፣ ውርርድ፣ ፎሬክስ፣ ክሪፕቶ፣ ክብደት መቀነሻ፣ እነዚህ ዜናው ስለነሱ ሳይሆን በሊንክ ከመጡ በደንብ ጠርጥሪ።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነን፣ ሶስት ጓደኛሞች ያካባቢያችንን ወሬ ምንጽፍበት ትንሽ ድረገጽ አለን። አንድ የማናውቀው ሰው በኢሜል «ጽሑፉን እኔ አዘጋጃለሁ፣ ውስጡ አንድ ሊንክ ብቻ ይኑር፣ ስፖንሰር ሚል እንዳትጽፉበት፣ 60 ዶላር እከፍላለሁ» አለን። እውነት ለመናገር የሰርቨር ክፍያ ደርሶብን ተቸግረናል። ብንቀበል ምን አለበት?

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ችግራችሁ ይገባኛል፣ ያገር ቤት ወሬ ሚጽፍ ሰው ከየትም ገንዘብ አያገኝም። ግን ሰውየው የጻፈላችሁን መልሳችሁ አንብቡት፣ «ስፖንሰር ሚል እንዳትጽፉበት» ነው ያለው። ማስታወቂያ ቢሆን ኖሮ ይታይልኝ ይል ነበር፣ ሚገዛው ቦታ ሳይሆን ሰፈሩ እናንተን ማመኑን ነው። ሰኞ ገበያ ቅቤ ምትሸጥ እናት አንድ ቀን ከስር ሌላ ነገር ቀላቅላ ብትገኝ ደሴ ውስጥ ማን ድጋሚ ይገዛታል?

ደሞ ኪሳራ አለው። ጉግል ከደረሰበት ድረገጻችሁ ፍለጋ ላይ ላይታይ ይችላል፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደሞ የሌላ ሰው ጽሑፍ በታመነ ድረገጽ ስም ተጠልሎ ፍለጋ ላይ እንዳይወጣ ለብቻው መመሪያ አውጥቷል። ባገራችንም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል።

ማስታወቂያ አትውሰዱ እያልኩ አይደለም፣ ውሰዱ እንጂ! ከላይ «ማስታወቂያ» ብላችሁ በጉልህ ጻፉ፣ ሊንኩ ኮድ ላይ «ስፖንሰርድ» (rel="sponsored") ሚለውን ምልክት አስገቡ፣ ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለዚሁ ብሎ ያዘጋጀው ነው፣ እሱ ካለ በሊንኩ አይቀጣችሁም። ቁማርና የማይታወቅ ብድር ግን በምልክትም ቢሆን እኔ አልቀበልም ነበር፣ የሚያነባችሁ የሰፈራችሁ ልጅ ነው። ለሰውየው «ማስታወቂያ ተብሎ ይወጣል፣ ዋጋው ይሄ ነው፣ ድርጅትህን በስም ንገረን» ብላችሁ መልሱለት፣ ምን እንዳለ ለኔም ጻፉልኝ።