ጥሬ ወተት፣ ብሩሴሎሲስና የተተከለ ኩላሊት፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ክሊኒካል ፋርማሲስት

ጥያቄ፦ ኩላሊት ከተተከለልኝ ሁለት ዓመት አልፏል። ገጠር ስሄድ እርጎ ይቀርብልኛል፤ ስለኮመጠጠ አይጎዳም ይሉኛል።

መልስ፦ ይጎዳል። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስን፣ ማለትም ብሩሴላ በተባለ ባክቴሪያ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ፣ ሊያስይዝ ይችላል። መኮምጠጡ ባክቴሪያውን ይቀንሰው ይሆናል እንጂ ለመጨረሱ ዋስትና የለም። ዕቃው በወይራ መታጠኑም አያድንም። እንገርም ያው ጥሬ ወተት ነው። አይብ እሳት ስለነካው የበሰለ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አሬራው ለብ ከማለት አያልፍም። ወተቱን እስኪገነፍል አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አርጉት፤ እርሾውም ከፈላ ወተት ይሁን። የተነጠረ ቅቤ አያሰጋም፣ ሲነጠር ይፈላልና።

ጥያቄ፦ ክትፎስ?

መልስ፦ ጥሬም ለብ ለብም ይቅርብዎ። ጥሬ ዱለት ደግሞ ጉበት ስላለበት ይብሳል።

ጥያቄ፦ ወተት አልጠጣም፤ ፍየሎች ግን አሉን።

መልስ፦ ሲወልዱ ወይም ሲያስወርዱ እርስዎ አይቅረቡ። የጨነገፈው ጽንስ፣ የእንግዴ ልጁና ፈሳሹ በባክቴሪያ የተሞሉ ናቸው፤ በተላጠ ቆዳ፣ በዓይን፣ በትንፋሽም ይገባሉ። ሌላ ሰው ጓንትና ማስክ አድርጎ፣ ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበረው። የፍየል፣ የበግና የግመሉ የባክቴሪያ ዝርያ (ሜሊቴንሲስ) ከከብቱ (አቦርተስ) የከፋ ሕመም ያመጣል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኩላሊት ተተክሎለታል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የወገብ ሕመም አለው፤ ሐኪሙ ቲቢ ጠረጠረ።

መልስ፦ መጠርጠሩ ትክክል ነው፤ ቲቢና ብሩሴሎሲስ በጣም ይመሳሰላሉ። ችግሩ የቲቢ መድኃኒት ውስጥ ብሩሴላንም የሚያዳክም ሪፋምፒሲን መኖሩ ነው፦ ብሩሴሎሲስ ሆኖ ሳለ ትኩሳቱ ጋብ ይልና «ቲቢ ነበር» ያሰኛል፣ ኋላ ያገረሻል። ነጭ የደም ሴል ሲቀንስም ጥፋቱ ማይኮፌኖሌት (ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይቃወም የሚሰጥ መድኃኒት) ላይ ብቻ እንዳይጣል፤ ብሩሴሎሲስም ሊቀንሰው ይችላልና።

ስለዚህ ጥሬ ወተት መጠጣቱን ሳትጠየቁ ተናገሩ። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ደም ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት) ይወሰድ። ላቦራቶሪው ብሩሴላ እንደተጠረጠረ ይነገረው፦ ባክቴሪያው ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ናሙናው ቶሎ እንዳይጣል፣ በትንፋሽ ስለሚይዝም ባለሙያዎቹ እንዲጠነቀቁ። በሮዝ ቤንጋል (ፈጣን የደም ምርመራ) ፖዘቲቭ ከሆነ በቲዩብ አግሉቲኔሽን (የፀረ እንግዳ አካልን መጠን በሚለካ ምርመራ) ይረጋገጣል፤ ምልክት ላለበት ሰው 1፡160 እና ከዚያ በላይ ያሳምናል። የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት በተገታ ሰው ግን ፀረ እንግዳ አካል በደንብ ላይመረት ስለሚችል፣ ዝቅተኛ ውጤት በሽታውን አያስቀርም።

ጥያቄ፦ የብሩሴሎሲስ ሕክምና ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይቃወም ከሚሰጠው ከታክሮሊመስ ጋር ይስማማል?

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄዎች የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የተለመደው ሕክምና ዶክሲሳይክሊን 100 ሚ.ግ. በቀን ሁለቴ ለ6 ሳምንት ሲሆን፣ አብሮት ወይ ሪፋምፒሲን ከ600 እስከ 900 ሚ.ግ. በቀን ለ6 ሳምንት፣ ወይ እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያለ መርፌ ይሰጣል። ሪፋምፒሲን በጉበትና በአንጀት ያሉትን ኢንዛይሞች ስለሚያነቃ ታክሮሊመስና ለዚያው ዓላማ የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን በቀናት ውስጥ ከደም ይወርዳሉ፤ ፕሬድኒሶሎንም ይቀንሳል። ያኔ ሰውነት ኩላሊቱን መቃወም ይጀምራል። መርፌው በበኩሉ ኩላሊትን በቀጥታ ይጎዳል፣ ከታክሮሊመስ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ዶክሲሳይክሊን ከሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ከኮትሪሞክሳዞል ጋር የሚመረጠው፤ በኮትሪሞክሳዞል ጊዜ ክሪያቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) እና ፖታሲየም በደም ምርመራ ይታያሉ። ሪፋምፒሲን ግድ ከሆነ በደም ውስጥ ያለው የታክሮሊመስ መጠን በየ2 ወይም 3 ቀኑ፣ የጠዋቱ ኪኒን ከመዋጡ በፊት ይለካ። የታክሮሊመሱ ኪኒን በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊጨመር ይችላል። ብዙዎች የሚዘነጉት ማቆሚያውን ነው፦ ሪፋምፒሲን ሲቆም ውጤቱ በ2 ሳምንት ገደማ ስለሚጠፋ፣ የተጨመረው ታክሮሊመስ በዚያው ልክ ካልተቀነሰ መርዝ ይሆናል። ልኬቱ እስከዚያው ይቀጥል።

የወንድምዎ የወገብ ሕመም በኤምአርአይ ይታይ። አከርካሪ ከተነካ 6 ሳምንት አይበቃም፤ 3 ወርና ከዚያ በላይ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ዶክሲሳይክሊን ደረቴን ያቃጥለኛል።

መልስ፦ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡት፤ ለግማሽ ሰዓት ጋደም አይበሉ። ከወተት፣ ከብረት፣ ከካልሲየምና ከጨጓራ ማስታገሻ ቢያንስ 2 ሰዓት ይራቅ።

ጥያቄ፦ በሽታው ከለጋሽ ሊመጣ ይችላል?

መልስ፦ አልፎ አልፎ። በኢትዮጵያ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረው ንቅለ ተከላ ወዲህ፣ ኩላሊት የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱ የሚጠጡት ወተት ከአንድ ጋጥ ነው። ለጋሹ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ካለው ቀዶ ሕክምናው ይቆይና ይመርመር። ከንቅለ ተከላው በኋላም ታካሚው ብሩሴሎሲስ ከተገኘበት፣ ያንኑ ወተት የጠጣ ቤተሰብ ሁሉ፣ ለጋሹም ጭምር፣ ይመርመር።