ሃርድ ዲስኩን ከሀቡ ላይ ንቀይው

ጅማ ፈረንጅ አራዳ የሰርግ ቪዲዮ የምትሠራ እህት እንዲህ ስትል ጠይቃኛለች። «ላፕቶፔ ያለው ሁለት ታይፕ ሲ ፖርት ብቻ ነው። ፖርት የሚያበዛ፣ ሰባት ቀዳዳ ያለው ሀብ ገዛሁ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ሰክቼ ኮፒ ሳደርግ መሃል ላይ ቀጭ ቀጭ ይልና ይቋረጣል። ሞኒተር ስጨምርበት ደግሞ ኮፒው ይንቀራፈፋል። ዶኪንግ ስቴሽን (ዶክ የሚባለውን ትልቁን ሀብ) ልግዛ ወይስ ሌላ ሀብ?»

የኔ እህት፣ ከግዢው በፊት የሰው ሰርግ እናድን። በሀቡ በኩል ኮፒ ማድረጉን አቁሚ። አንዱን ዲስክ ብቻ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰክተሽ አዳምጪው። ድምፅ ሳያሰማ ከሠራ ችግሩ የኃይል እጥረት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀጭ ቀጩ ካልቀረ ግን ዲስኩ ራሱ እየተበላሸ ነው። ሌላው ሁሉ ይቆይና ቪዲዮዎቹን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ አውጪ።

የኃይሉ ነገር እንዲህ ነው። ተራ የዩኤስቢ 3 ፖርት የሚሰጠው 900 ሚሊአምፔር ነው። የሚሽከረከር ዲስክ መነሻው ላይ ይህን ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል። ታይፕ ሲ የተሻለ ሊሰጥ ይችላል። ግን ሀቡ ላይ ቻርጀር ካልተሰካ፣ ሁለቱም ዲስኮች፣ ማውሱም፣ ሌላውም የሚካፈሉት ላፕቶፑ በአንዷ ገመድ የላከውን ነው።

ፍጥነቱም በዚያችው ገመድ ነው የሚያልፈው። ታይፕ ሲ ውስጥ አራት ፈጣን መስመሮች አሉ። ብዙውን ጊዜ ሁለቱን ምስሉ ይወስድና ሁለቱ ለዳታ ይቀራሉ። 4ኬ ምስል በ60 ኸርትዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ) የሚሰጡ አንዳንድ ሀቦች ግን አራቱንም ለምስሉ ይሰጡና ዳታውን ወደ ዩኤስቢ 2 ያወርዱታል። ዩኤስቢ 2 በተግባር በሰከንድ 35 ሜጋባይት ገደማ ነው። 200 ጊጋባይት የሰርግ ቪዲዮ በዚህ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ያው ዲስክ በሰከንድ 120 ሜጋባይት ቢሠራ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሞኒተርሽ ፉል ኤችዲ ከሆነ ለ4ኬ 60 ብለሽ ብር አትጨምሪ።

ዶኪንግ ስቴሽን የራሱ ቻርጀር ስላለው የኃይሉን ችግር ይፈታል። መብራቱ አስተማማኝ ለሆነ ቢሮ እኔም እመክራለሁ። ላንቺ ግን የምፈራው መብራቱን ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ ሲወርድ መብራት ቢሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል። ዶኩ ግን ይጠፋል፣ ዲስኩም እየጻፈ ሳለ ይቋረጣል። ቻርጀር የሚሰካባቸው ሀቦችም ብዙዎቹ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ሁሉንም ለአፍታ አቋርጠው ይመልሳሉ። እንዲህ ሆኖ የተበላሸ ዲስክ ይዞ የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ያመኛል። ያ ሰርግ ሁለተኛ አይቀረጽማ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አንደኛውን ታይፕ ሲ ለዲስክ ብቻ ተዪው። ሁለተኛው ላይ ሀቡን አድርጊና ሞኒተሩን፣ ማውሱን፣ ኪቦርዱን፣ ቻርጀሩን እዚያ ሰብስቢ። ከዲስክ ወደ ዲስክ አትገልብጪ፤ መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ዲስክ። እርምጃው ሁለት ቢሆንም ባትሪው እስካለ መብራት አይቆርጠውም። ብር ከተረፈሽ ለዶክ ከማውጣት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ግዢ። ለኤዲቲንግ ልዩነቱን ያኔ ታዪዋለሽ።

ሀቡን መቀየርሽ ካልቀረ በመጀመሪያ የላፕቶፕሽን ሞዴል ይዘሽ ታይፕ ሲው ምን እንደሚችል አጣሪ። ታይፕ ሲ የቀዳዳው ቅርጽ ስም እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም። በሰከንድ 5 ጊጋቢት የሆነ አለ፣ 10ም አለ፣ ተንደርቦልት 4 (በዚያው ቀዳዳ የሚሠራ ፈጣኑ ዓይነት) ከሆነ 40 ይደርሳል። ምስል ጭራሽ የማያወጣም አለ፤ እንዲህ ዓይነቱ ላይ በተራ ሀብ ኤችዲኤምአይ ብትሰኪ ሞኒተሩ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ላፕቶፕሽ ተንደርቦልት ከሌለው የተንደርቦልት ዶክ ፍጥነት አይጨምርልሽም፤ ጭራሽ የማይሠራም አለ። ላንቺ ሥራ 10 ጊጋቢት የሆነ፣ 100 ዋት ቻርጀር የሚቀበል ሀብ ከበቂ በላይ ነው። ሀቡ ለራሱ ጥቂት ዋት ስለሚያስቀር 65 ዋት ቻርጀር ሰክተሽ 50 ገደማ ቢደርስሽ አትደንግጪ።

ገመድ አልባ ማውስሽ ከዘለለ ደግሞ የማውሱን መቀበያ ከዲስኩ ገመድ አርቂው። ዩኤስቢ 3 እንዲህ ያሉ ማውሶች የሚጠቀሙበትን የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ይረብሻል።

ሱቅ ስትሄጂ ላፕቶፑንና ጤነኛውን ዲስክ ይዘሽ ሂጂ። ሞኒተር ሰክተሽ፣ ዲስኩን ለሙከራ ያህል ሀቡ ላይ አድርገሽ፣ 10 ጊጋባይት የሚሆን ፋይል ከላፕቶፑ ወደ ዲስኩ ኮፒ አድርጊ። ሁለት ደቂቃ ገደማ ከፈጀ ደህና ነው። አምስት ደቂቃ ከተጠጋ ዳታው ወደ ዩኤስቢ 2 ወርዷል ማለት ነውና ሌላ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ።