«በኃጢአታችን ብንናዘዝ»፦ «በ» ምን ትሠራለች?

ጥያቄ፦ በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 ላይ «በኃጢአታችን ብንናዘዝ» ይላል። እኔ ስሰማ ያደግሁት «ኃጢአቱን ተናዘዘ» ሲባል ነው። የኅትመት ስሕተት ይሆን? ደግሞስ ቤቱን ለልጁ የሚያወርስ ሰውም «ተናዘዘ» የሚባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ስሕተትስ አይደለም። በዚያው መጽሐፍ ያዕቆብ 5፥16ን ቢያዩ «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» ይላል። ምሳሌ 28፥13 ላይ ደግሞ «የሚናዘዝባትና የሚተዋት ግን ምሕረትን ያገኛል» የሚል ያገኛሉ። «የሚናዘዝባት» ውስጥ ያለችው ያችው «በ» ናት።

ነገሩ ከግሱ መነሻ ይመጣል። በግእዝ «ናዘዘ» አጽናና ማለት ነው። እመቤታችን «ናዛዚተ ኅዙናን» የምትባለው ያዘኑትን የምታጽናና በመሆኗ ነው። «ተናዘዘ» እንግዲህ በመነሻው «ተጽናና» ነው። ኃጢአት የከበደው ሰው ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ያለውን ሁሉ ይናገራል፤ ካህኑ ይመክሩታል፣ ቀኖና ይሰጡታል፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉታል። ግሱ መጀመሪያ የያዘው ይህን ማጽናናት ሲሆን እየቆየ ወደ መናገሩ ዞረ። «ተጽናና» ደግሞ ተሳቢ አይወድም፤ «ሐዘኑን ተጽናና» የሚል ሰው የለም። «በጥፋቱ ተጸጸተ»፣ «በሥራው አፈረ» እንደምንለው ሁሉ «በኃጢአቱ ተናዘዘ» የተባለውም በዚሁ መንገድ ይመስለኛል።

«ኃጢአቱን ተናዘዘ» ስሕተት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ያው የ1954ቱ መጽሐፍ ማቴዎስ 3፥6 ላይ ወደ ዮሐንስ መጥምቅ የመጡትን ሰዎች «ኃጢአታቸውንም እየተናዘዙ» ይላቸዋል። ግሱ «ተናገረ» ወደሚለው ትርጉም ስለተጠጋ ተሳቢ መውሰድ ጀመረ፤ ሁለቱ አነጋገሮች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በ1993 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉም የዮሐንስንም መልእክት «ኃጢአታችንን ብንናዘዝ» አድርጎታል። ለዛሬ ጆሮ የሚቀለው ይኸኛው ነው።

እኔ ግን የቀድሞውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም እዚያው ጥቅስ ውስጥ ነው። «በኃጢአታችን ብንናዘዝ ኃጢአታችንን ይቅር ሊለን…» የሚለውን ቀስ ብለው ያንብቡት። እኛ ስንናዘዝ «በ» አለች፤ እግዚአብሔር ይቅር ሲል ግን «በ» ወድቃ «ኃጢአታችንን» ይመጣል። ኃጢአቱ የድርጊት ተሳቢ የሚሆነው በይቅር ባዩ እጅ ብቻ ነው። ተርጓሚዎቹ ይህን አስበው አደረጉት ለማለት አልደፍርም፤ ሲነበብ ግን ይሰማል።

ወደ ቤቱና ወደ ልጁ እንምጣ። ሰው ሞት ሲቀርበው ነፍስ አባቱ ይጠሩለታል። ኃጢአቱን ይናገራል፤ በዚያው አፉ «የእገሌ ዕዳ አለብኝ፣ ቤቱ ለታናሹ ይሁን» ይላል። ሁለቱም ንግግር በአንድ አልጋ ላይ፣ አንድ ሰው ፊት ስለሚሆን አንድ ስም ወጣላቸው፦ ኑዛዜ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የዚያ ጥላ አልጠፋም፤ ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው የመጨረሻ ቃሉን ለሁለት ምስክሮች በመናገር የቃል ኑዛዜ ማድረግ ይችላል። ግራ እንዳይገባዎት ግን «በ» ለኃጢአቱ እንጂ ለንብረቱ አትገባም። «በቤቱ ተናዘዘ» ካሉ ሰሚው የሚረዳው ቤቱ ውስጥ ሆኖ መናዘዙን ነው።

ስለ ፖሊስ ዜና አልጠየቁኝም፤ ሆኖም «ተጠርጣሪው ወንጀሉን ተናዘዘ» የሚል ሳነብ ይቆረቁረኛል። ለዚያ «አመነ» የሚል ቃል አለን፤ ፍርድ ቤቱም የሚቀበለው የእምነት ክህደት ቃል ነው። መርማሪ ፊት ለቆመ ሰው ማን «ይፍታህ» ብሎት ነው ተናዘዘ የሚባለው?