ወደ ጆርጂያ ትንሽ ከተማ ልትገቢ ላልሽው እህት

«ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ወጥተን ጆርጂያ ውስጥ ትንሽ ከተማ ቤት ልንገዛ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ኑሮው እንዴት ነው? ሐበሻስ ይገኛል?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ኖሬበታለሁና እኔ ልመልስልሽ።

የቤቱን ዋጋ አንቺም አይተሽዋል፣ ስለሱ አላወራም። ሙቀቱንም ስትደርሺ ታውቂዋለሽ። ባልሽ ትራክ ይነዳል ብዬ ነው የምጽፍልሽ። አልገለጽሽም፣ ግን ትራክ ካልሆነ የትኛው ሐበሻ ነው የጆርጂያ መሃል ላይ ካለችው ከሜከን ከተማ በታች የሚወርደው? እኛም እንደዚያው ነን። የምንኖረው ከሜከን ወደ ደቡብ፣ ከ75 ሀይዌይ ብዙ በማትርቅ ከተማ ነው።

1ኛ፦ ስም። የመብራት ቢል ላይ፣ የውሃ ቢል ላይ፣ ከተቻለ የቤቱ ወረቀት ላይም ያንቺ ስም ይግባ። ዕቃ ሳታወርጂ ይህን ጨርሺ። ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ።

የእኔ ላስት ኔም የአባቴ ስም ነው። የባሌ ላስት ኔም ደግሞ የአያቱ ስም ነው፣ ቪዛ ሲሞላ እንደዚያ ስለገባ። ልጆቹ ደግሞ በባሌ በራሱ ስም ይጠራሉ። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ላስት ኔም ማለት ነው። እዚያ እናንተ ጋ ይህ ለማንም አዲስ አይደለም፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ራሷ ታስረዳልሻለች። እዚህ ግን ከተማው በሙሉ በአያት ቅድመ አያቱ ስም የሚተዋወቅ ነው። ባልና ሚስት በሁለት ስም ሲመጡ ዓይኑ ይቀላል።

ቤቱን የገዛነው በባሌ ስም ብቻ ነበር። እኔ ወልጄ ሥራ አቁሜ ስለነበር ባንኩ «በሱ ቢሆን ይቀላል» አለን። መብራቱን ባሌ ከትራክ ማቆሚያ ስልክ ደውሎ አስከፈተ። ውሃው በአካል መቅረብ ይፈልጋል፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ዲፖዚት ከፍሎ እሱም በስሙ ሆነ። ከዚያ ሎድ (ጭነት) አነሳና ሄደ።

ጆርጂያ አዲስ ለገባ ሰው መንጃ ፈቃዱን እንዲቀይር 30 ቀን ነው የሚሰጠው። አድራሻሽን የሚያሳዩ ሁለት ወረቀቶች ይጠየቃሉ። እኔም ልጄን አዝዬ፣ የመብራቱን፣ የውሃውንና የቤቱን ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ሴትዮ ወረቀቶቹን አገላበጠቻቸው።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«ባሌ ነው።»

«ታዲያ ስማችሁ ለምን አይገጥምም፣ ሃኒ?»

አስረዳኋት። በእኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም አልኳት። የጋብቻ ወረቀታችንን አወጣሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት። አላነበበችውም። በአመልካች ጣቷ ጥፍር ብቻ እየገፋች በመስታወቱ ሥር መለሰችልኝ። «ስታገቢ ስምሽን ብትቀይሪ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ ሃኒ» አለች። እወቂው፣ እዚህ አገር ስድብም በ«ሃኒ» (የኔ ማር) ተለውሶ ነው የሚመጣው። ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ሰምተዋል። አንዱ ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያይ ነበር።

በመንጃ ፈቃዱ ቢያበቃ ምን ነበር። መንጃ ፈቃድ ከሌለሽ ለመኪናሽ ታግ (ሰሌዳ) የለም። አዲስ ገቢ ለእያንዳንዱ መኪና የዋጋውን 3 በመቶ አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ ካዘገየሽ ቅጣት ይጨመርበታል። ልጆቹን ለማስመዝገብም አድራሻ ይፈለጋል። ባሌ መጥቶ ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት «አዎ፣ ሚስቴ ነች፣ ልጆቹም እኔ ቤት ነው የሚኖሩት» ብሎ እስኪፈርም ድረስ ልጆቼ ቤት ቁጭ አሉ። አስቢው፣ የወለድኳቸው እኔ፣ የሚመሰክርልኝ እሱ!

ከሁሉም የከፋው ግን ሆምስቴድ የሚሉት ነው። የቤት ግብር ቅናሽ ነው። ጆርጂያ ውስጥ ግብር የሚሰላው በቤቱ ዋጋ 40 በመቶ ላይ ነው። ሆምስቴድ ከዚያ ላይ ያስቀንስልሻል። በ2024 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ያለፈ ሌላም አለ፣ ሆምስቴድ ያለው ቤት ግምቱ በየዓመቱ ዝም ብሎ እንዳይተኮስ የሚይዝ። ይህን ግን አንዳንድ አካባቢዎች አንቀበልም ብለው ወጥተዋል፣ ስለዚህ የምትገቢበትን ካውንቲ (የወረዳ አስተዳደር) ጠይቂ። ቅናሹን ለማግኘት ጃንዋሪ 1 ቀን ቤቱ ያንቺ ሆኖ እየኖርሽበት መሆን አለብሽ። ማመልከቻው እስከ ኤፕሪል 1 ነው። እኛ በኖቬምበር ነው የገዛነው፣ ስለዚህ ይገባናል። ፎርሙን ሞልቼ ካውንቲው ግብር ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ሌላዋ «የቤቱ ባለቤት ራሱ ይምጣ፣ መንጃ ፈቃዱም በዚህ አድራሻ ይሁን» አለችኝ። የቤቱ ባለቤት የት ነው? ቴክሳስ፣ ላሬዶ ድንበር ላይ ሎድ ይጠብቃል። ጭነት የሚመድብለት ዲስፓቸሩ ይዞታል። ሲመጣ ኤፕሪል 1 አልፏል። የዚያ ዓመት ቅናሽ በዚያው ቀረ። በሚቀጥለው ዓመትማ ቢሯቸው ገና ሳይከፈት በር ላይ ቆሜ ነበር። ባሌ እስከ ዛሬ «ምን አለበት፣ አንድ ዓመት ነው» ይላል። ብሩ ከሰማይ የሚወርድለት ነው የሚመስለው። ብዙ ካውንቲዎች ማመልከቻውን በኦንላይን እንደሚቀበሉም በኋላ ነው የሰማሁት። ያቺ ሴትዮ ይህን ልትነግረኝ አፏ አልተከፈተም።

ከመንጃ ፈቃዱ ጣጣ ያወጣችኝ ጎረቤቴ ናት። ከመንገዱ ማዶ ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ባልቴት፣ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ የምትውል። ስነግራት ሳቀች። «ለባንክሽ ደውዪና አድራሻሽን አስቀይሪ። የባንክ ስቴትመንትሽ በስምሽ ይመጣል። የሥራ ቼክሽም ተጨማሪ ነው» አለችኝ። ለካስ ይሄው ነው! እስከዚያ ነርሲንግ ሆም ሥራ ጀምሬ ስለነበር ሁለቱም ነበሩኝ። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ስለሆነ በሌላ ከተማ ያለ ቢሮም ይሠራልሻል። ያችው ሴትዮ ጋ ተመልሰሽ የመለመን ግዴታ የለብሽም። ጎረቤቴ ራሷ ነድታ ሌላ ከተማ ወሰደችኝ። እዚያ ያለው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ጨረሰልኝ።

2ኛ፦ ትምህርት ቤት። እዚህ የሚከፈተው በኦገስት መጀመሪያ ነው። እንደ ሜሪላንድ የኦገስትን መጨረሻ ጠብቀሽ ብትመጪ ልጆቹ ክፍሉ ከተጀመረ በኋላ ነው የሚገቡት። ሁለት የጤና ፎርሞች አሉ፣ 3231 እና 3300 ይባላሉ። አንዱ የክትባት፣ ሌላው የዓይን፣ የጆሮና የጥርስ ምርመራ ነው። የሜሪላንዱን የክትባት ካርድ እንዳለ አይቀበሉሽም፣ የጆርጂያ ፎርም ላይ ማስገልበጥ አለብሽ። ትንሹ ልጅሽ እስከ ሴፕቴምበር 1 አራት ዓመት ከሞላው ፕሪኬ (ከመዋዕለ ሕፃናት በፊት ያለው ክፍል) በነፃ ነው። ገንዘቡ ከሎተሪ ስለሚመጣ ገቢሽን አይጠይቁሽም፣ ግን ቦታው ቶሎ ይሞላል። የእኔ ትንሹ እዚያ ነው «የስ ማም» (እሺ እመቤቴ) ማለት የተማረው። አሁን እኔንም «የስ ማም» ይለኛል፣ በአማርኛ ስቆጣውም።

ጃንዋሪ 7 ትምህርት ቤት ክፍት ነው። ልጆቹን ለገና ስታስቀሪ ወረቀት ጻፊ፣ ለሃይማኖት በዓል መቅረት እንደ ተፈቀደ ነው የሚያዝላቸው። ግሪክ ኦርቶዶክስ መስለሻቸው «መልካም የግሪክ ገና» ሊሉሽ ይችላሉ፣ ተያቸው።

ቤተ ክርስቲያን ካልሽ፣ የኛ ያለው አትላንታ ዙሪያ ነው። ከእኛ ቤት ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይሄዳል። እኛ ለትልልቁ በዓል እንሄድና በዚያው ክላርክስተን ገብተን እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ ጭነን እንመለሳለን። ማቀዝቀዣ ሣጥን መኪናው ውስጥ ይኑርሽ፣ በጁላይ ሙቀት እንጀራው ሳትደርሺ ይሻግታል። እኔ በመጨረሻ ጤፍ አምጥቼ ራሴው መጋገር ጀመርኩ። እርሾ እዚህ ሙቀት ላይ ለጉድ ነው፣ ማታ ያቦካሽው ጠዋት ከባልዲው ወጥቶ ይጠብቅሻል።

ምግብ ላይ ሁለት ነገር ያዢ። አንደኛ፣ ቪዳሊያ የሚሉትን የጆርጂያ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ እንዳታስገቢ። ጎረቤት ሁሉ በከረጢት ያመጣልሻል፣ ስጦታ ነው፣ ተቀበዪ። ግን ጣፋጭ ነው፣ ውሃም ይበዛዋል። ለፋሲካ የሠራሁት ዶሮ ወጥ በሱ ምክንያት ማር ማር አለ፣ ባሌም ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ሳይተነፍስ በላ። ቀዩን ሽንኩርት ግዢ። ሁለተኛ፣ እዚህ «አትክልት» ቢሉሽ አትመኚ። ጎመኑ ውስጥ የአሳማ አጥንት አለ። ፎሶሊያው ውስጥም ቤከን አለ። ቤተ ክርስቲያኖቻቸው ረቡዕ ማታ እራት ያበላሉ፣ ሁሉም ይጠሩሻል፣ እምቢ ማለትም ይከብዳል። ረቡዕ መሆኑን አስቢው እንግዲህ! እኔ ሁለቱንም ችግር የፈታሁት የራሴን ጎመን በዘይት ሠርቼ ይዤ በመሄድ ነው። ድስቱ ባዶውን ይመለሳል። አሁን «ያ የአፍሪካ ጎመን የታለ?» እያሉ ራሳቸው ይጠይቁኛል። ሠፈሩ ውስጥ ከኔ በላይ ጎመን የሚሠራ አለ ብዬ አላምንም።

ሐበሻ አለ ወይ ላልሽው፣ እንደኛ ትራክ የያዘ አንድ ቤተሰብ በአቅራቢያችን አለ፣ ነዳጅ ማደያ ያለውም አንድ ሰው አለ። አለቀ። ስለዚህ ጎረቤት ያስፈልግሻል።

የባቡር ሐዲዱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በዚህ በኩል የነጮቹ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያ በኩል የጥቁሮቹ። ማንም በግልጽ አይነግርሽም፣ እሑድ መኪናው የት እንደሚቆም ስታዪ ግን ይገባሻል። ከከተማው ወጣ ብሎ «አካዳሚ» የሚባል የግል ትምህርት ቤት ካየሽና በሩ ላይ የተመሠረተበት ዓመት 1970 ምናምን ከሆነ፣ ለምን በዚያ ጊዜ እንደተከፈተ ጎረቤቶችሽን ጠይቂ። የመንግሥቱ ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ልጆችን አንድ ላይ ሲያደርጉ ነው ብዙዎቹ የተቋቋሙት። ልጆችሽ እዚህ ጥቁር ናቸው። «እኛ ሐበሻ ነን» የሚለው ንግግር አይሠራም፣ ፖሊስ ሲያቆማቸውም አይጠቅማቸውም። ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ግን ደግሞ ስሚ። አባቴ ያረፈ ጊዜ መርዶው በስልክ መጣ፣ ባሌ መንገድ ላይ ነበር። ጩኸቴን ሰምታ ያቺ ጎረቤቴ በነጠላ ጫማዋ ተሻግራ መጣች። ምንም አልጠየቀችኝም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። በማግሥቱ ከሐዲዱ ወዲህም ወዲያም ያለው ሰው በትሪ በትሪ ምግብ ይዞ ገባ፣ ዕቃው እንዳይጠፋ ሁሉም ሥሩ ላይ ስሙን በፕላስተር ለጥፎ። እንደ እድራችን ዕቃ! ግማሹ አሳማ ነበር፣ አልበላሁትም። ሲልቨር ስፕሪንግ ስኖር ከጎኔ ያለው አፓርታማ ውስጥ ማን እንደሚኖር አላውቅም ነበር። እዚህ አስከሬን ሲያልፍ ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ ዳር ይዞ ይቆማል፣ ሟቹን ባያውቀውም።

ቂም ግን መያዝ አትችዪም። የተጣላሽውን ሰው ሰኞ ዕለት ዳቦ መደርደሪያው ጋ ታገኚዋለሽ። ያቺ ጋብቻዬን በጥፍሯ የገፋችው ሴትዮ የልጅ ልጇ ከትልቋ ልጄ ጋር አንድ ክፍል ነበር። ምረቃው ቀን ከፊቴ ተቀምጣለች። የልጄ ስም ከነአባቷ ስም በማይክሮፎን ሲጠራ፣ ሆፕ ስኮላርሺፕ ካገኙት ጋር፣ ሆን ብዬ ቆሜ ነው እልል ያልኩት። ዘወር ብላ «ኮንግራቹሌሽንስ፣ ሃኒ» አለችኝ። «ታንክ ዩ፣ ማም» አልኳት። ሆፕን ካላወቅሽው፣ ሃይስኩልን በ3.0 አማካይ ነጥብ ለጨረሰ የጆርጂያ ልጅ ስቴቱ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ የሚያግዝበት ነው፣ ከ1993 ጀምሮ አለ። ነዋሪነት ስለሚጠይቅ ትልቁ ልጅሽ ሃይስኩል ከደረሰ አትዘግዪ።

አሁን አንድ ነገር መልሺልኝ፣ ክሎዚንጋችሁ (ቤቱን የምትረከቡበት ፊርማ) መቼ ነው? ከጃንዋሪ 1 በፊት ከሆነና ቤቱ በሱ ስም ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ የማስሞላሽ ወረቀት አለ። ስትመጪ ደግሞ ከዚያ ኮሰረት ያዢልኝ፣ እዚህ በወርቅም አይገኝ።