መልስ፦ አሜሪካ በምድሯ የዩራኒየም ማበልጸጊያ ፋብሪካ እያላት ሌላ የምትገነባው ለምንድን ነው?

ኒው ሜክሲኮ፣ ዩኒስ ላይ ያለው የዩሬንኮ ኩባንያ ፋብሪካ ዩራኒየምን አበልጽጎ (ማለትም በውስጡ በቀላሉ የሚሰነጠቀውን የዩራኒየም-235 ድርሻ ከፍ አድርጎ) ለኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ ቢያቀርብም፣ ምርቱ ለጦር መሣሪያ ሥራ ሊውል ስለማይችል ነው። ሴንትሪፊዩጆቹ (ጋዝን በከፍተኛ ፍጥነት አሽከርክረው ዩራኒየሙን የሚያበለጽጉት ማሽኖች) የብሪታንያ፣ የኔዘርላንድስና የጀርመን ቴክኖሎጂ ውጤት በመሆናቸው፣ ከእነዚህ መንግሥታት ጋር የተፈረመው ስምምነት ምርቱን ለሰላማዊ አገልግሎት ብቻ ይገድበዋል። ለኒውክሌር አረር የሚያስፈልገው ትሪቲየም (ጨረር አመንጪ የሃይድሮጅን ዓይነት) የሚመረትበት የቴነሲው ዋትስ ባር ማመንጫ የሚጠቀምበት ዩራኒየም ግን ከእንዲህ ያለ ግዴታ ነጻ መሆን አለበት።

እንዲህ ያለውን ዩራኒየም ያመርት የነበረው በኬንታኪ የሚገኘው የፓዱካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ አቆመ። ጋዙን በጥቃቅን ቀዳዳዎች እያሳለፈ በሚያበለጽገው የጋዝ ዲፊውዥን ዘዴ ይሠራ ስለነበርና እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጅ ስለነበር፣ ከሴንትሪፊዩጅ ጋር በዋጋ መወዳደር አልቻለም። በዚያ ላይ ከ1993 እስከ 2013 ድረስ ከሩሲያ የኒውክሌር አረሮች የወጣ 500 ቶን ከፍተኛ ብልጽግና ያለው ዩራኒየም ተበርዞ ለአሜሪካ ማመንጫዎች ይሸጥ ነበር። በእኔ እምነት የአገር ውስጡ አቅም ይበልጥ የተጎዳው በዚህ ርካሽ አቅርቦት በተዘናጉባቸው ዓመታት ነው። የሩሲያን ዩራኒየም የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ2024 ሲሆን፣ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደውም እስከ 2027 መጨረሻ ብቻ ነው። ሴንትረስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኦሃዮ፣ ፓይክተን በ2023 የጀመረው ምርት በአሜሪካ ቴክኖሎጂ የሚካሄድ ቢሆንም መጠኑ ገና ትንሽ ነው።

ጉዳዩን ስከታተል ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ስላለ ይጠንቀቁ፦ ማዕድኑን ማውጣት፣ ወደ ጋዝነት መለወጥና ማበልጸግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አዲስ የዩራኒየም ማዕድን ተከፈተ የሚል ዜና ሲያነቡ የማበልጸግ አቅም ጨመረ ብለው አይውሰዱት።