ኤልዲኤሌ አያሰጋም ሲሉኝ ኖረው፣ አፖ ቢ ከፍ ብሎ ተገኘ

ጥያቄ፦ 54 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ታላቅ ወንድሜም በ49 ዓመቱ በሃርት አታክ አርፏል። በቅርቡ ተመርምሬ ጠቅላላ ኮሌስትሮሌ 190፣ ኤችዲኤል (ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል) 38፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ስብ) 240፣ ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) 104 ሆኖ ተገኘ። እስካሁን ኤልዲኤሌ እንደማያሰጋ ይነገረኝ ነበር፤ አዲስ የያዙኝ ሐኪም ግን አፖ ቢ የሚባል ምርመራ አዝዘው 118 ስለሆነ መድኃኒት መጀመር እንዳለብኝ ነገሩኝ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ የወንድምዎን ነፍስ ይማር። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚነግሩን ነገር ግን የተለያየ ነው። ስብ ከውሃ ጋር ስለማይዋሃድ በደም ውስጥ የሚጓዘው ሊፖፕሮቲን በሚባሉ ረቂቅ ቅንጣቶች ተጭኖ ነው። ከእነዚህ መካከል የልብን ደም ሥር ግድግዳ ሰርገው እየገቡ የሚያጠብቡት እያንዳንዳቸው አንድ የአፖ ቢ ፕሮቲን ብቻ ስለሚይዙ፣ አፖ ቢን መለካት ቅንጣቶቹን እንደ መቁጠር ነው። የኤልዲኤል ቁጥር ግን በውስጣቸው የተጫነውን ኮሌስትሮል ብቻ ያሳያል። አምስት ኩንታል ጤፍ በአምስት ሙሉ ጆንያም ሆነ በአሥር ግማሽ ጆንያ ቢመጣ ሚዛኑ ያው ነው፤ በር ላይ የሚጋፉት ጆንያዎች ግን እጥፍ ናቸው። የስኳር ሕመምና ከፍ ያለ ትራይግሊሰራይድ ባለበት ሰው ደም ውስጥም ብዙውን ጊዜ የሚታየው ይኸው ነው።

104 እንዴት እንደተገኘም ልብ ይበሉ። 240 ለአምስት ሲካፈል 48 ይሆናል፤ 48ና 38 ከ190 ሲቀነሱ 104 ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ይህ ስሌት ትራይግሊሰራይድ እየጨመረ ሲሄድ ይስታል፤ አፖ ቢ ግን በቀጥታ ይለካል፣ ለምርመራውም መጾም አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ የታተመው፣ አፍሪካን ጨምሮ 52 አገሮችን ያካተተው የኢንተርሃርት ጥናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሃርት አታክ የያዛቸውን 15 ሺህ ያህል ሰዎች ከጤነኞች ጋር አነጻጽሯል። ከተመዘኑት ዘጠኝ አደጋዎች ሁሉ ጎልቶ የወጣው፣ ከሲጋራም በላይ፣ የአፖ ቢ መጠን ከኤችዲኤል ፕሮቲን ከአፖ ኤ አንድ ጋር ያለው ንጽጽር ነበር።

ስለዚህ ሐኪምዎ ትክክል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ለከፍተኛ አደጋ የተጋለጡ ሰዎች አፖ ቢ ከ80 በታች እንዲሆን ይመክራል። እንዲያውም አፖ ቢ ባይለካ ኖሮ፣ የ2018ቱ የአሜሪካ መመሪያ ከ40 እስከ 75 ዓመት የሆነው የስኳር ሕመምተኛ ኤልዲኤሉ 70 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስታቲን የተባለውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት እንዲጀምር ስለሚመክር፣ ቀደም ሲል «አያሰጋም» መባልዎ በእኔ እምነት ተገቢ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ይቀራል፤ ኤልፒ ኤ የሚባለውን ሊፖፕሮቲን እንዲለኩልዎ ይጠይቁ። መጠኑ በአብዛኛው በዘር የሚወሰን በመሆኑ በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ መለካት ለብዙ ሰው ይበቃል፤ በአማካይ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ከፍ ይላል፣ ስታቲንም አይቀንሰውም። የወንድምዎ ሞት በለጋ ዕድሜ በመሆኑ፣ ውጤትዎ በዴሲሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ልጆችዎና የወንድምዎ ልጆችም ይመርመሩ።