የሊቁ ሚስት በልብ ወለድ፦ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

የአልበርት አይንስታይን የመጀመሪያ ሚስት ስለሆነችው ስለ ሚሌቫ ማሪች ታሪካዊ ልብ ወለድ መጻፍ የጀመሩ አንባቢዎች ጥያቄ ልከዋል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የአንጻራዊነትን ንድፈ ሐሳብ የጻፈችው እሷ ናት ብዬ ልጻፍ?» (ከፔዳ አካባቢ)

አይጻፉ። ማስረጃው እዚያ ድረስ አይሄድም። አይንስታይን በማርች 1901 በጻፈላት ደብዳቤ ስለ አንጻራዊ እንቅስቃሴ ሲያወራ «ሥራችን» ይላል፤ ክርክሩ በአብዛኛው የተነሳው ከዚህች ቃል ነው። የ1905ቱ የአንጻራዊነት ጽሑፍ ግን በመዝጊያው የሚያመሰግነው ጓደኛውን ሚኬሌ ቤሶን ብቻ ነው። ያልተረጋገጠ ክብር ሲደርቡላት በእርግጥ የሆነችውን ሴት ይሸፍኗታል፤ እሷ ደግሞ ለልብ ወለድ ከበቂ በላይ ናት።

በ1896 ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገባች። በ1897 መጨረሻ ሃይደልበርግ ሄዳ የፕሮፌሰር ሌናርድን ትምህርት ተከታተለች፤ ያየችውንም ለአይንስታይን ጻፈችለት። የኦክስጅን ሞለኪውሎች በሰከንድ ከ400 ሜትር በላይ ይፈጥናሉ፤ ፕሮፌሰሩ አስልቶ አስልቶ ሲጨርስ ግን እርስ በርስ ሳይጋጩ የሚጓዙት የአንዲት ፀጉር ውፍረት መቶኛ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ትዕይንቱን ከዚህ ይጀምሩ፤ ስትደነቅ ያሳዩን። ከዚያ ፈተናው ይምጣ። በ1900 አማካይ ውጤቷ ከ6 4.00 ሆኖ ወደቀች፤ እሱ በ4.91 አለፈ። በጁላይ 1901 የሦስት ወር ገደማ ነፍሰ ጡር ሆና ዳግም ተፈተነች፤ አሁንም ወደቀች።

«ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልስ አንድ ቀን ይዛነፍብኛል።» (ከዘጌ)

ምክንያቱ 1900 ነው። ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የዚያን ዓመት ፌብሩዋሪ በ28 ዘጋው፤ የእኛ ግን ስድስተኛዋን ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ሳይዘል ይጨምራል። ስለዚህ ከማርች 1900 በፊት ያሉትን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀኖች በዛሬው ሠንጠረዥ ካሰሉ በኋላ አንድ ቀን ይጨምሩ። ልደቷ፣ ዲሴምበር 19 ቀን 1875፣ በሠንጠረዡ ታኅሣሥ 9 ይመጣል፤ ትክክሉ ታኅሣሥ 10 ቀን 1868 ዓ.ም. ነው።

ሠርጉ ላይ ግን ቀኑን ብቻ መልሰው አይለፉት። ጃንዋሪ 6 ቀን 1903 ማለት ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ዓ.ም.፣ የገና ዋዜማ ነው። በሚሌቫ የሰርብ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቀመርም ያው ዋዜማ ነው። የኦርቶዶክስ ልጅ በጾም፣ ያለ ተክሊል፣ በርን ከተማ በማዘጋጃ ቤት ተፈራርማ አገባች። ምስክሮቹ የአይንስታይን ጓደኞች ኮንራድ ሃቢክትና ሞሪስ ሶሎቪን ነበሩ፤ ከሁለቱም ወገን አንድም ዘመድ አልተገኘም። የጣና ዳር አንባቢ የዚህን ክብደት ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

«ሊቁን የባሕር ዳር ሰው ባደርገውስ?» (ከባሕር ዳር)

ያምራል፤ ስሞቹን ሁሉ ይለውጡ እንጂ። የፖሊ (የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ) መምህር ካደረጉት ዘመኑን ያስተውሉ፤ ፖሊ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው በ1963 ነው። ሚስቲቱን በታንኳ ካሻገሯት ደግሞ የተሠራበት ደንገል ውሃ እየጠጣ እንደሚከብድ አይርሱ፤ ከጉዞ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል።

«የመጀመሪያ ልጃቸውን ዕጣ እኔ ልፍጠረው?» (ከጎርጎራ)

ይችላሉ፤ ግን በአጥሩ ውስጥ። ሊዘርል በጃንዋሪ 1902 ሚሌቫ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሳለች ተወለደች። መኖሯ ለዓለም የታወቀው በ1986 በተገኙ ደብዳቤዎች ነው። በሴፕቴምበር 1903 የተጻፈ ደብዳቤ ስካርሌት ፊቨር (ሽፍታ ያለው የልጆች ትኩሳት) እንደያዛት ያነሳል፤ ከዚያ በኋላ ዱካዋ ይጠፋል። ሞት ወይም ጉዲፈቻ፣ ምርጫው የእርስዎ ነው። ነገር ግን ያኔ ሚሌቫ ሁለተኛ ልጇን፣ ሃንስ አልበርትን፣ አርግዛ ነበር፤ ይህን የዘለለ ምዕራፍ ይፈርሳል። አባትየው ሕፃኗን ሲያቅፍም አያሳዩን፤ ማየቱን የሚመሰክር ነገር የለም። የፈጠሩትን በመጽሐፉ መጨረሻ በአንድ ገጽ ይንገሩን።

«ባልና ሚስቱ አንቺ ይባባሉ ወይስ እርስዎ?» (ከባሕር ዳር)

በ1899 ደብዳቤዎቹ ገና በእርስዎ ናቸው፤ ምንም እንኳ «ዶክሰርል» እያለ ቢያቆላምጣትም። በ1900 አንተ አንቺ ይጀምራል። በ1914 በርሊን ላይ ግን የጽሑፍ ትእዛዝ ሰጣት፦ ምግብ በቀን ሦስት ጊዜ ክፍሉ ድረስ ይቅረብ፣ ልብሱ ይሰናዳ፣ ዝም በይ ሲላት ወዲያው ዝም ትበል። በመጀመሪያ ተቀበለች፤ በዚያው ዓመት ጁላይ መጨረሻ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ይዛ ወደ ዙሪክ ተመለሰች። ትእዛዙን ባለበት አስቀምጡት፤ እርስዎ ክፉ ቃል አይጨምሩበት።

የፍቺው ውልም ጥንቃቄ ይሻል። ፍቺው በፌብሩዋሪ 1919 ጸና፤ ውሉ ገና ያልተገኘውን የኖቤል ገንዘብ ለእሷ ይሰጣል። ሽልማቱ የመጣው በ1922 ስለሆነ ከዚያ በፊት ባሉት ምዕራፎች ገንዘቡን እጇ ላይ አያስገቡት።